ትርንጎን አዝዬ ከወገዳ እስከ ንፋስ መውጫ

ከጉዞ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ ሰው በሰው ሆኗል። ልብስ ሊያሰፋ የመጣው ግን ጥቂቱ ነው። ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ከጋቢው ላይ የሌለ ክር እየለቀመ «እንግዲህ ምን አሏችሁ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከመናገር አንድ ጊዜ ልጻፈውና ማንበብ የሚችል ያንብበው፣ የማይችል ያስነብበው ብዬ ይህን ደብተር ጀመርኩ። ከወገዳ አልፎ የማያውቅ፣ ወደፊትም የማያልፍ ብዙ ሰው አለ። ከእነሱ መካከል እንደ እኔ ያለ ልጅ በቤቱ ያለው እንደማይጠፋም አሁን አውቄያለሁ።

ይርጋ እባላለሁ። ወገዳ ገበያው ዳር አንድ የስፌት መኪና አለኝ፤ የገበሬ ቁምጣም የቄስ ካባም እሰፋለሁ። ልጄ ትርንጎ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፤ አፍ አልፈታችም። «ባ» ብቻ ትላለች። «ባ» ውኃም ነው፣ እኔም ነኝ፣ ዶሮም ናት። ይህን ሲያነሱብኝ እቆጣ ነበር። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ «አንተስ መች እስከ ሦስት ዓመትህ አፍ ፈታህ? ይኸው ዛሬ የሚያዘጋህ ጠፋ እንጅ» ትላለች። ለእኔ ይህ መልስ ይበቃኝ ነበር።

ለባለቤቴ ለእናኑ አልበቃትም። ከልጅቱ ኋላ ሆና የድስት ክዳን መሬት ላይ ትጥላለች፤ ልጅቱ ዞር አትልም። «ጨዋታ ይዛ ነው» እላለሁ። ስሟን ትጠራለች፤ ዝም። «አኩርፋ ነው» እላለሁ። ትልቁ ማስረጃዬ ግን ደወሉ ነበር። ከቤታችን በላይ ካለው ከሚካኤል የኪዳን ደወል ሲደወል በእኛ ቤት ሥራ ይቆማል፤ ሁሉም ብድግ ብሎ ያማትባል። ትርንጎም ብድግ ትልና ግንባሯን፣ ደረቷን፣ ግራና ቀኝ ትከሻዋን ነካ ነካ አድርጋ ጎንበስ ትላለች። ያየ እንግዳ ሁሉ ይስማት ነበር። «ደወል የሚሰማ ጆሮ ምን ጎደለው?» ብዬ እናኑን አፏን አስይዛት ነበር።

ነገሩ የተቆረጠው እናኑ ወንድ ልጅ ወልዳ አራስ ሳለች ነው። ሕፃኑ ገና በሳምንቱ በር ሲላተም ይደነግጣል። እናኑ እሱን አየች፣ ትርንጎን አየች። «ይህችን ልጅ ሐኪም ሳያያት የወንድሟን ክርስትና አልደግስም» አለች። ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው፤ ሃያው አልፏል። እሷ አራስ ናት። እናቴ «የሚሰማ ልጅ ይዤ ሐኪም ቤት አልዞርም» ብላ ፊቷን አዞረች። የጆሮ ሐኪም የሚገኘው ደብረ ታቦር ነው፤ የሚወስዳት የቀረሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ

አንቀልባውን የሰፋሁት ራሴ ነኝ፤ የለፋ ቆዳ፣ ጠርዙ ሁለት ዙር የተቀመቀመ። ማሰር ግን ሌላ ሙያ ኖሯል። እናኑ ከመኝታዋ ሆና «ከፍ አድርገው፤ አሁን ሳብ» እያለች አስተማረችኝ። ከቤት ስወጣ ደህና ነበርኩ። መናኸሪያ ስደርስ ትርንጎ ከወገቤ በታች ወርዳ እግሯ ጭኔን ይመታል። በእኛ አገር ወንድ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀምጣል እንጂ በአንቀልባ አያዝልም። አንዲት ጎመን ሻጭ ከሩቅ አይታኝ «አንተ ልብስ ሰፊ፣ በስንት ቀንህ ተነሳህ? ለአራስ እኮ ብርድ አይሆንም!» ብላ መናኸሪያውን በሳቅ ሞላችው። እኔም መልስ አላጣም ነበር፤ ግን አንገቴ በማዘያው ተይዟል።

አውቶቡሱ አሮጌ ነው። ወንበሩ ሦስት ቦታ ተሰፍቷል፤ ሦስቱም በተለያየ ቀለም ክር። ከሾፌሩ ኋላ፣ ከሞተሩ ክዳን አጠገብ ቦታ አገኘን። ከጎኔ የተቀመጡት ሴት እትዬ ዘነቡ ይባላሉ፤ ስልሳን ያለፉ፣ ወገዳ እህታቸውን ጠይቀው ወደ መካነ ኢየሱስ የሚመለሱ። ገና ሳንተዋወቅ «ዙር እስቲ» ብለው አንቀልባውን ፈቱና ልጅቱን ጭናቸው ላይ አደረጓት። «እናቷስ?» አሉኝ። አራስ መሆኗን ነገርኳቸው። «ወዴት ነው የምትወስዳት?» ሲሉኝ «ለጆሮዋ… ዝም ብሎ ለማየት ያህል ነው» አልኩ። ዝም ብሎ ለማየት ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው እንደሌለ ያውቃሉ፤ ግን አልተከራከሩኝም።

መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው። ክረምቱ የቦረቦረውን ገና ማንም አልደፈነውም። ወገዳ ሩቅ ነው ሲሉን የምንቆጣ ሰዎች ነን፤ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ግን ወገዳ በእርግጥም ሩቅ መሆኑን ወገቤ ነገረኝ። አንድ መታጠፊያ ላይ ከብቶች መንገዱን ዘግተው ቆሙና ሾፌሩ ያንን ጡሩንባ ለቀቀው። አንድ ሕፃን ጮኸ፤ ቅርጫት ውስጥ ያለች ዶሮ ተንፈራገጠች፤ እኔ ራሴ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ትርንጎ የኮቴን ቁልፍ ይዛ ታዞር ነበር፤ ማዞሯን አላቆመችም። «ደፋር ናት» አልኩ። እትዬ ዘነቡ አዩኝና «ትደግ» ብቻ አሉ።

እኩለ ቀን ላይ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ደግሞ ከፈነዳው የማይሻል ሆነና ረዳቱ ጎማውን ሲለጥፍ፣ ሾፌሩ ሲሳደብ ፀሐዩ ላይ ቆምን። ከመንገዱ በላይ ገበሬዎች በደቦ ገብስ ያጭዳሉ። በእኛ በኩል ገና ማጭድ እየሳልን ነበር፤ እነሱ ግማሹን ከምረዋል። አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው «ምነው እናንተየ፣ ከፀሐይ ላይ ቁማችሁ! ወዲህ ውጡ እንጅ፣ ጠላው ይበቃል!» አሉ። ሰላሳ ሰው ሆነን ወጣን፤ ጠላው እውነትም በቃ። ለትርንጎ የተጠበሰ የባቄላ እሸት ሰጧት። ሽማግሌው ስሟን ጠየቋት፤ ዝም ስትል «አፋራም ናት፣ ደግ ነው» አሉ። እኔም «አዎ፣ አፋራም ናት» አልኩ።

አውቶቡሱ ዳግመኛ ሲነሳ ትርንጎ ከእትዬ ዘነቡ ጭን ወርዳ ሁለት መዳፏን የሞተሩ ክዳን ላይ ለጠፈችና መሳቅ ጀመረች። «ሞተር ትወዳለች» አልኳቸው፤ «ሱቅም ስትውል ጉንጯን የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ነው። ድምፁን ትወደዋለች።» እትዬ ዘነቡ ለረጅም ጊዜ እጆቿን ሲያዩ ቆዩ።

መካነ ኢየሱስ የደረስነው ወደ ማታ ግድም ነው። «ነገ ወደ ደብረ ታቦር መኪና የለም» አሉን። «ለምን?» አልኩ። «የለም» አሉኝ። በዚህ ዘመን ለዚህ መልስ ማብራሪያ አይጠየቅም። መንገደኛው ሁሉ ስለቀረ አልጋ ቤቱ ሞልቷል። እትዬ ዘነቡ ማዘያውን በእጃቸው ይዘው «ምን ትጠብቃለህ? ቤት አለ አይደለም እንዴ» አሉኝና ተከተልኳቸው።

ማክሰኞ

የእትዬ ዘነቡ ባለቤት መሪጌታ ናቸው፤ ድጓ የሚያስተምሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው። ሰውን በልብሱ የማወቅ በሽታ አለብኝና መጀመሪያ ያየሁት የቀሚሳቸውን እጅጌ ነው፤ ከሌላ ጨርቅ ተቀንሶ በጥንቃቄ የተቀጠለ። «ይህን የሰፋው ማን ነው፣ የኔታ?» አልኳቸው። «እኔው ነኝ፤ ያስነውራል?» አሉና ሳቁ። አላስነወረም። ቤታቸው እንደ እኛው ቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነውና እኛ ቤት ሌሊት ተሰምቶኝ የማያውቅ ብርድ በእግሬ ገባ።

ጠዋት ትርንጎ ደጅ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን በጣሳ ውኃ ትጫወት ነበር። ደወል ተደወለ። መሪጌታ ተነሱ፣ እትዬ ዘነቡ ተነሱ፣ እኔም ተነሳሁ፤ አማተብን። ትርንጎ ውኃውን ከጣሳ ወደ ጣሳ ገለበጠች። የደወሉ ድምፅ ከወገዳው ይልቅ ይቀርባል፤ ግድግዳው ይነዝራል። እሷ ገለበጠች፤ ደግማ ገለበጠች።

«የማታውቀው ደወል ሆኖባት ነው» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ያኔ እትዬ ዘነቡ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ትናንት ያ ጡሩንባ የሞተ ሰው ይቀሰቅስ ነበር። አንተ ‹ደፋር ናት› አልክ። አትቆጣኝ፤ እኔ ግን ደፋር ናት አላልኩም» አሉ። ተቆጣሁ። በሰው ቤት፣ በሰው እንጀራ ላይ ተቆጣሁ። «ቤታችን በደወል ስታማትብ አላዩዋትም!» ብዬ ልጅቱን አንስቼ ወጣሁ።

ከተማውን ዞርኩት። መካነ ኢየሱስ ከወገዳ ይሰፋል፤ ሱቁም ይበዛል። አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በኤሌክትሪክ መኪና ሲሰፋ አየሁ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ቁሜ እቀና ነበር። ያን ቀን ያየሁት ትርንጎን ነው። አህያ ከኋላችን ሲመጣ ዞር የምትለው እኔ ዞር ስል ነው። ሰው ሲስቅ የምትስቀው ፊቱን አይታ ነው። እያንዳንዱን ነገር ባየሁ ቁጥር አንድ ሰበብ እፈጥርለታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሰበቡም አለቀብኝ። ፈራሁ።

ስመለስ መሪጌታ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ስለ ደወሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። «ሲደወል ማን ይቀድማል?» አሉ። «እናቴ» አልኩ። «ልጅቱ ያን ጊዜ የት ናት?» «አጠገቧ፤ ከእናቴ አትለይም።» እሳቸውም «ነገ ጠዋት ደወሉ ሲደወል አናማትብም» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ አየኋቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ደወል ሲሰሙ መንገድ ላይ እንኳ ቆመው የሚያማትቡ ሰው። «እግዚአብሔር የልባችንን ያውቃል። የልጅቱን እውነት ለማወቅ እጃችንን ብናቆይ ይቅር ይለናል። ጥፋት ከሆነም በእኔ ይሁን» አሉ።

ረቡዕ

በማለዳ ሦስታችን ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ ትርንጎን መሀል አደረግናት፤ ሁላችንንም ታየናለች። ደወሉ ጀመረ። እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ከንፈራቸውን ነከሱ። መሪጌታ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ዓይናቸውን ከልጅቱ ላይ አልነቀሉም። የእኔ ቀኝ እጅ ብቻውን ሊነሳ ቃጣ፤ በግራዬ ያዝኩት። ትርንጎ አንዳችንን አየች፣ ሌላችንን አየች። ጣቷን ጎረሰች። ደወሉ ደወለ ደወለና አበቃ።

ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ መሪጌታ ቀስ ብለው ተነስተው አማተቡ። ትርንጎ ጣቷን ከአፏ አወጣችና ብድግ አለች። ግንባሯን፣ ደረቷን፣ ግራና ቀኝ ትከሻዋን ነካች፤ ጎንበስ አለች፤ ከዚያም እንደ ወትሮው ሊስሟት መስሏት ፊቷን ቀና አደረገች። መሪጌታ ሳሟት። እኔ አለቀስኩ፤ በሰው ፊት ካለቀስኩ አባቴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

በሁለት ሰዓት መናኸሪያ ስንደርስ ሁለት መኪና ቆሟል፤ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር፣ አንዱ ወደ ወገዳ። እውነቱን ልጻፍ፦ እግሬ ወደ ወገዳው ሄደ። አንድ ጊዜ ከታወቀ ወረቀት ላይ ማስጻፍ ለምን ያስፈልጋል አልኩ። ወረቀት ላይ ከተጻፈ እኮ አይፋቅም። እትዬ ዘነቡ አንቀልባውን እያሰሩልኝ ነበር፤ ወዴት እንዳየሁ አይተዋል። «እናኑን ምን ልትላት ነው?» አሉኝ። ስሟን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የነገርኳቸው። ወደ ደብረ ታቦሩ ገባሁ።

እሳቸው ያሰሩት አንቀልባ እስከ ማታ አልተንቀሳቀሰም። ደብረ ታቦር የጉና ብርድ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ድንች በየመንገዱ ይቀቀላል፤ ባጃጁ ወገዳ ካለው ሰው የበዛ መሰለኝ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ልጅቱን አይታ ሳልጠይቃት ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጣችልኝ።

ሐሙስ

ሐኪም ቤቱ ተራው ረጅም ነው። ካርድ አውጥቼ ዞር ስል ትርንጎ የለችም። መተላለፊያው በሰው ተጨናንቋል፤ መብራት ጠፍቶ ጨልሟል። «ትርንጎ! ትርንጎ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ደንግጦ አብሮኝ ይጣራ ጀመር፤ አዛውንቱ፣ ነርሷ፣ ክራንች የያዘው ልጅ፣ ሁሉም «ትርንጎ!» ይላል። ስሟ በዚያ ሕንፃ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ከእሷ በቀር ያልሰማው አልነበረም።

ይህ ሲገባኝ መጣራቱን ተውኩ። ቆሜ አሰብኩ። ምን ትወዳለች? የሞተሩን ክዳን፣ የስፌት መኪናዬን ጠረጴዛ። የሚነዝር ነገር። መብራት ጠፍቷል፤ እንግዲያው ጄኔሬተር ይኖራል ብዬ በሕንፃው ኋላ ሮጥኩ። ትርንጎ የጄኔሬተሩ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት መዳፏንና አንድ ጉንጯን ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ዘበኛው «የማነች ይህች ልጅ? ብጠራት ብጠራት እምቢ አለችኝ» አለ። «አትሰማም» አልኩት። ቃሉን በአፌ ስናገር ያ የመጀመሪያው ነው። ዘበኛው ቆቡን አውልቆ «ይቅርታ፣ ወንድምዓለም» አለኝ።

የጆሮ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ትርንጎን ወለል ላይ አስቀምጣ የልብስ ቁልፎች ሰጠቻት፤ ከኋላዋ ሆና ቃጭል አንቃጨለች፣ አጨበጨበች፣ ከበሮ መታች። ትርንጎ ቁልፎቹን በመጠን ትደረድራለች። ከበሮው በኃይል ሲመታ ብቻ ቀና አለች። «ይህን ወይ በጥቂቱ ሰምታዋለች፣ ወይ በወለሉ በኩል ተሰምቷታል» አለች ባለሙያዋ። ከዚያ ጆሮዋን በመብራት አየችና ያለፈ ሕመም ጠየቀችኝ።

የስምንት ወር ልጅ ሳለች ኃይለኛ ትኩሳት ይዟት ነበር። እናኑ በመጀመሪያው ቀን «እንውሰዳት» ብላኛለች። እኔ ለበዓል የሚደርስ ካባ ይዤ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የወሰድናት። «በዚያ ነው?» አልኩ። «ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አሁን በእርግጠኝነት የሚነግርህ የለም» አለችኝ። ባለሙያዋ አልከሰሰችኝም። ካባው ግን ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር በፊቴ ያልፋል። እናኑ ይህን ደብተር ስለምታነበው እዚህ ልጻፈው፦ አንቺ ልክ ነበርሽ፤ አዝናለሁ።

ያለችኝ ባጭሩ ይህ ነው። ሁለቱም ጆሮ የሚሰማው እጅግ ጥቂት ነው። ልኩን የሚለካው መሣሪያ ባሕር ዳር አለ፤ ከዚያ በኋላ ማዳመጫ ይረዳት እንደሆነ ይታያል፤ ተስፋው ትንሽ ነው። «ግን እስከዚያ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። አፏን ስትጠብቅ ዕድሜዋ እንዳያልፍ። በእጅ ተነጋገሩ» አለች። ንፋስ መውጫ እንዲህ ላሉ ልጆች የተከፈተ ክፍል እንዳለ ነገረችኝና ለመምህርቷ ደወለችላት። ንፋስ መውጫ የአጎቴ ልጅ አለ። ለመመለስ የነበረኝን ሐሳብ ተውኩት።

ዓርብ

ወደ ንፋስ መውጫ መንገዱ አስፋልት ነው። የእኔ ወገብ ተመስገን አለ፤ ትርንጎ ግን ሰለቻት፤ መኪናው አይነዝርም። መዳፏን መስኮቱ ላይ ሞከረች፣ ወንበሩ ላይ ሞከረች፣ ተስፋ ቆርጣ ተኛች። ለከተማው ስም ያወጣው ሰው አልዋሸም፤ ገና ከመኪና ስወርድ ባርኔጣዬ ሄደና አንድ ባጃጅ ነጂ አባርሮ አመጣልኝ።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ ምናምን ልጆች አሉ። የገረመኝ ጸጥታው ሳይሆን ወሬው ነው። በእጅ ይከራከራሉ፤ አንዱ የሌላውን ክንድ ነካ አድርጎ «እየኝ» ይላል፤ ይሳሳቃሉ፤ ይኮራረፋሉ። ወገዳ ሳለሁ እንዲህ ያለ ልጅ ማለት ጥግ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ፀሐይ የምትባል የአሥር ዓመት ግድም ልጅ መጥታ ትርንጎ ፊት ቁጭ አለችና በእጇ አንድ ነገር አለችኝ። «ስሟ ማን ነው ትልሃለች» አለች መምህርቷ። ነገርኳት። መምህርቷ በጣቷ ፊደል በፊደል ጻፈችላት። ፀሐይ ረዘመብኝ እንደ ማለት አፍንጫዋን ነፋች። በዚህ መሀል ትርንጎ እንደ ልማዷ የፀሐይን የሹራብ ቁልፍ ይዛ ማዞር ጀምራለች። ፀሐይ አይታት ሳቀችና ሁለት ጣቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁልፍ እንደምትፈታ አዞረች። ለጓደኞቿም አሳየች፤ ሁሉም አዞሩ።

«ስም አወጣችላት» አለችኝ መምህርቷ። «የምልክት ስም ጆሮው የሚሰማ ሰው አያወጣም፤ የእኔንም ያወጡልኝ እነሱ ናቸው።»

ፀሐይ ምልክቱን ታሳያትና ትርንጎ ስትመጣላት ታቅፋታለች፤ ትለቃታለች፤ ደግማ ታሳያታለች። እስከ ምሳ ሰዓት ይህን ሲጫወቱ ዋሉ። በኋላ ከክፍሉ ጥግ ሆኜ፣ ዓይኗ እኔ ላይ ሲያርፍ ጠብቄ፣ ጣቶቼን ደረቴ ላይ አዞርኩ። መጣች። ትርንጎ የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ስጠራት አንድም ቀን አልደረሳትም። ይኸኛው ደረሳት። ወደ ውጭ ወጥቼ ንፋሱ ውስጥ ቆምኩ።

መምህርቷ ለትምህርት ገና ልጅ ናት አለችኝ። ግን የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች፣ ውኃ፣ እንጀራ፣ እናት፣ ና፣ ተወው፣ በደብተር ላይ አንድ በአንድ ሥላ ሰጠችኝ። ቤት ሁሉ ይማር አለችኝ፤ አያትም ጭምር። እናቴን እያሰብኩ ደብተሩን ከኮቴ ሥር ከተትኩት።

ቅዳሜና እሑድ

መመለሻው አጭር ነው፤ የመጣሁበት መንገድ ነው። መካነ ኢየሱስ ዳግመኛ ያደርኩት እነ እትዬ ዘነቡ ቤት ነው። መሪጌታ ምልክቱን አሳየኝ ብለው በረጃጅም ጣቶቻቸው ሞከሩት፤ ትርንጎ ሄደችላቸው። እትዬ ዘነቡ ለእናኑ ማር ላኩላት፤ የተቆጣሁባቸውን ይቅርታ ስጠይቃቸው «መቼ?» አሉኝ።

እሑድ ወደ ማታ ወገዳ ስንደርስ ትርንጎ ጀርባዬ ላይ ተኝታ ነበር። ጎመን ሻጯ አየችኝ፤ አንቀልባውንም አየች፤ በሚገባ ታስሯል። «ይልመድብህ» አለች፤ አልሳቀችም።

የሐኪም ቤቱን ወረቀት ለእናኑ አነበብኩላት። አላለቀሰችም፤ ማልቀሷን ቀደም ብላ ብቻዋን ጨርሳዋለች። «ስሟን አሳየኝ» አለችና በተኛችበት ጣቶቿን ደረቷ ላይ እያዞረች ተለማመደችው። እናቴ ግን ደብተሩን ዞር ብላም አላየችው። «ሚካኤል ይመስክርብኝ፣ ይህች ልጅ ደወል ትሰማለች! ነገ በዓይንህ ታያለህ» አለችኝ። የመሪጌታን ነገር ነገርኳት። «መሪጌታ ሁኖ ደወል ቁጭ ብሎ የሚያሳልፍ!» ብላ ጋቢዋን ተከናነበች።

ሰኞ ጠዋት

ሁላችንም ነቅተናል። ትርንጎ እናቴ እግር ሥር ተቀምጣ በቁልፎቿ ትጫወታለች፤ ባለሙያዋ አምስት ቁልፍ ሰጥታት ነበር። የሚካኤል ደወል ተደወለ። እኔ ተነስቼ ላማትብ ስል እናቴን አየኋትና ቆምኩ። እናቴ አልተነሳችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ለደወል ያልተነሳችበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ቀኝ እጇን በግራዋ ጨብጣ ትርንጎን ብቻ ታያለች። ትርንጎ ቀና ብላ የአያቷን ፊት አየች፤ ምንም የለም። ወደ ቁልፎቿ ተመለሰች። ደወሉ አበቃ።

እናቴ ያን ጊዜ ዘግይታ አማተበች። ትርንጎ ብድግ ብላ አማተበች፤ ጎንበስ አለች።

«እኔን ነዋ!» አለች እናቴ። «ደወሉን መስሎኝ፤ እኔን ነው ለካ ስትሰማ የኖረች።» እንባዋ በጋቢዋ ላይ ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር «ያን ስሟን አሳየኝ» አለችኝ።

አሳየኋት። ትርንጎ ወደ ቁልፎቿ ተመልሳ አቀርቅራለች። እናቴ አልጠራቻትም፣ አልነካቻትም፤ ልጅቱ በራሷ ጊዜ ቀና እስክትል ጠበቀች። ቀና ስትል በጎበጡት ጣቶቿ፣ ከደረቷ ዝቅ አድርጋ፣ ቁልፍ እንደሚፈታ ሰው አዞረች። ትርንጎ የያዘችውን ጥላ ጭኗ ላይ ወጣች።

እናኑ ከመኝታዋ ቀና ብላ ይህን ሁሉ ስታይ ነበር። ሕፃኑን ለእኔ አቀበለችኝ፤ ሁለት ጣቷን ደረቷ ላይ አደረገችና ትርንጎ ወደ እሷ እስክታይ ጠበቀች።